የቀለጠ ብረት ጭነው የሚሄዱት ባቡሮች፦ ፋብሪካው ሲዘጋ ማን አስታወሳቸው?

ባቡር ሲባል ቶሎ በሐሳባችን የሚመጣው ሰው ወይም ዕቃ ጭኖ ከከተማ ከተማ የሚሄደው ነው። ግን ከአንድ ፋብሪካ በር እስከ ሌላው ፋብሪካ በር እየተመላለሱ ብቻ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ባቡሮችም አሉ። ትኬት አይቆረጥባቸውም፣ ጣቢያ ላይ ሻንጣ ይዞ የሚጠብቃቸው ሰውም የለም። አንዳንዶቹ የሚጭኑት ደግሞ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ፣ እንደ ውሃ የሚፈስ ብረት ነው።

ዛሬ የምናያቸው እነዚህን ነው። ቦታው አሜሪካ ውስጥ ፔንስልቬንያ ግዛት፣ ፒትስበርግ ከተማና ዙሪያዋ ነው። ከተማዋን «የብረት ከተማ» ይሏታል። የብረት ፋብሪካዎቿ የራሳቸው ሐዲድ፣ የራሳቸው ሎኮሞቲቭ፣ የራሳቸው የባቡር ሠራተኛ ነበራቸው። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ዛሬ የሉም። የባቡሮቹን ትዝታ ካቆዩልን መካከል ግን ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች አሉ፦ በትርፍ ጊዜያቸው ካሜራና ማስታወሻ ደብተር ይዘው ከአጥሩ ውጭ ሲቆሙ የኖሩ የባቡር ወዳጆች።

ሎኮሞቲቭ ፎቶ ማንሳት ምን ይጠቅማል? እስቲ ከሥር እንጀምር።

የብረት ፋብሪካ ለምን የራሱ ባቡር አስፈለገው?

መልሱ ክብደት ነው። በድሮው መንገድ አንድ ቶን ብረት ለማቅለጥ አንድ ቶን ተኩል ገደማ የብረት ማዕድን፣ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ኮክ (ኮክ ማለት አየር በሌለበት ምድጃ ተጋግሮ ጋዙ የወጣለት የድንጋይ ከሰል ነው) እና የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ይህን በቀን በሺዎች ቶን አባዙት። በጋሪም ሆነ በጭነት መኪና የሚቻል ነገር አይደለም።

በዚያ ላይ ማዕድኑ ፒትስበርግ አጠገብ አልነበረም። በብዛት የሚመጣው ከሰሜን፣ ከሚኒሶታ ግዛት ነበር። እዚያ በባቡር ተጭኖ ወደብ ይወርዳል። ከወደቡ በመርከብ ታላላቆቹን ሐይቆች አቋርጦ ኢሪ ሐይቅ ዳር ኮኒዮት የምትባል ወደብ ይደርሳል። ከዚያ «ቤሰመር» በሚባለው የባቡር መስመር ወደ ደቡብ ይጓዛል። በመጨረሻ ፒትስበርግ ደጃፍ ላይ «ዩኒየን ሬይልሮድ» ይረከበዋል።

የዛሬው ዋና ባለታሪካችን ይሄ ዩኒየን ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን ሥራው የአንድሩ ካርኔጊን ፋብሪካዎች እርስ በርስ ማገናኘት ነበር። ካርኔጊ ማለት ከስኮትላንድ በልጅነቱ የተሰደደና በብረት የዓለም ቁንጮ ሀብታም ለመሆን የበቃው ሰው ነው። ብራዶክ ላይ ያሠራው ትልቁ ፋብሪካ ኤድጋር ቶምሰን ይባላል፤ ሥራ የጀመረው በ1875 ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ካርኔጊ ሁሉንም ሸጠና ዩኤስ ስቲል የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ተፈጠረ። ባቡሩም አብሮ ተሸጠ።

ዩኒየን በርዝመቱ የሚያስደንቅ መስመር አይደለም፤ ሥራው ግን እረፍት አልነበረውም። ማዕድኑን ለብራዶክ፣ ከክሌርተን የወጣውን ኮክ ለማቅለጫዎቹ፣ ያለቀለትን ብረት ደግሞ ወደ ትልልቆቹ የአገሪቱ መስመሮች ያደርሳል። ማቅለጫ ምድጃ እንደ ቤት ምድጃ ማታ አጥፍተው ጠዋት የሚያቀጣጥሉት አይደለም፤ ሌት ተቀን ለዓመታት ይነዳል። ስለዚህ ባቡሩም በዓል የለውም፣ ሌሊት የለውም። ባቡሩ ቢቆም ፋብሪካው ይቆማል፣ በቃ።

እሳት ጭኖ መሄድ

አሁን ወደ አስገራሚው ክፍል እንምጣ። ማቅለጫው አንድ ቦታ፣ ብረቱን ወደ ስቲል የሚቀይረው ክፍል ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። አንዳንዴ በመካከላቸው ወንዝ አለ። ብረቱ ይቀዝቅዝ ቢባል እንደገና ለማቅለጥ ሌላ ነዳጅ ሊወጣ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ቀልጦ እንዳለ መጫን ሆነ።

ለዚህ የሚሆነው ፉርጎ «ቶርፒዶ» ይባላል። ቅርፁ መሐሉ ወፍራም፣ ሁለት ጫፉ ቀጠን ያለ ሲጋር ይመስላል። ውስጡ እሳት በሚችል ጡብ ተገንብቷል። ላዩ ላይ ትንሽ አፍ አለችው፤ ብረቱ የሚገባውም የሚፈሰውም በሷ ነው። ሊፈስ ሲል ፉርጎው ራሱ ወደ ጎን ይሽከረከራል። አንዱ ፉርጎ ከመቶ ቶን በላይ የቀለጠ ብረት ይችላል።

ይህን የሚጎትት ነጂ ድንገት ፍሬን መያዝ፣ ድንገት መሳብ አይችልም። ሐዲዱ ላይ ያለች ትንሽ ጉድለት አደጋ ናት። የቀለጠ ብረት ውሃ ላይ ቢፈስ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና እንደ ፈንጂ ይፈነዳል። ስለዚህ እነዚህ ባቡሮች የሚሄዱት ቀስ ብለው ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው አሰልቺ የሚመስለው ዝግታ ውስጡ ትልቅ ሙያ ነበረበት።

ፒትስበርግ መሐል ላይ «የትኩስ ብረት ድልድይ» የሚባል ነገር አለ። ጆንስ ኤንድ ላፍሊን የተባለው ኩባንያ በዚህ ወንዝ ማዶ ያቀለጠውን ብረት ወዲያ ማዶ ወዳለው ክፍሉ የሚያሻግረው በዚህ ድልድይ ነበር። ባቡሩም የኩባንያው የራሱ ነው፤ የባቡር ወዳጆች በቁልምጫ «ሞንኮን» ይሉታል። ዛሬ በድልድዩ መኪና ያልፋል። ከ2007 ወዲህ ደግሞ እግረኛና ብስክሌት ይሄድበታል። ሮጠው የሚያልፉት ወጣቶች የሚረግጡት የቀለጠ ብረት የተመላለሰበትን መንገድ ነው።

አሥር ጎማ ያለው ጉልበተኛ

የባቡር ወዳጆች ስለ ሎኮሞቲቭ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚቆጥሩት ጎማ ነው። በእንፋሎት ዘመን ሎኮሞቲቭን የሚገፉት ትልልቅ ጎማዎች ብዛትና ስፋት ሥራውን ይናገራል። ሰው ጭኖ የሚበር ባቡር ጥቂትና ሰፋፊ ጎማ አለው። ከባድ ጭነት ቀስ ብሎ የሚጎትተው ደግሞ ብዙና አነስ ያሉ ጎማዎች አሉት። የመኪናን አንደኛ ማርሽ አስቡት፤ ፍጥነት የለም፣ ጉልበት ግን አለ።

ዩኒየን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 ባለው ጊዜ ባልድዊን ከተባለው ፋብሪካ ዘጠኝ ልዩ ሎኮሞቲቮች አሠራ። አሥር ገፊ ጎማ አላቸው፤ ከኋላ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ደጋፊ ጎማ። ፊት ለፊት ምንም ደጋፊ የለም፤ ፍጥነት ስለማያስፈልጋቸው ክብደታቸው ሁሉ ጉልበት ላይ ይውላል። ዓይነቱ ራሱ በኩባንያው ስም «ዩኒየን» ተባለ።

ግን ብዙ አልቆዩም። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ መጣ። ናፍጣው ውሃና ከሰል ማጋዝ አይፈልግም፣ ቶሎ ይነሳል፣ ጥገናውም ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1949 ዘጠኙም ተሸጠው ወደ ሚኒሶታ፣ ማዕድኑ ወደሚነሳበት አገር ሄዱ። ማለትም ሥራቸው ያው ቀጠለ፤ ከሰንሰለቱ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ነው የተዛወሩት። ከመካከላቸው አንዷ፣ 604 ቁጥር፣ ዛሬ ፔንስልቬንያ ውስጥ ግሪንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የባቡር መናፈሻ ውስጥ ቆማለች።

ከትልልቆቹ ሌላ ትንንሾቹም ነበሩ። ፒትስበርግ ውስጥ ፖርተር የሚባል ኩባንያ ለፋብሪካና ለማዕድን ማውጫ የሚሆኑ ትንንሽ ሎኮሞቲቮችን በሺዎች ሠርቷል። ከሥራዎቹ አንዱ እሳት የሌለው ሎኮሞቲቭ ነው። ቀልድ አይደለም! ከፋብሪካው ቦይለር በከፍተኛ ግፊት የሞቀ ውሃና እንፋሎት እንደ ቴርሞስ ይሞላና በዚያ ለሰዓታት ይሠራል። የእሳት ብልጭታ ስለሌለው ፈንጂና ተቀጣጣይ ነገር ባለበት ቦታ ተመራጭ ነበር።

የፖርተር ሌላዋ ልጅ ጆንስ ኤንድ ላፍሊን ፋብሪካ ውስጥ የሠራችው 58 ቁጥር ናት፤ የተሠራችው በ1937 ነው። የምትሄድበት ሐዲድ ስፋቱ 23 ኢንች፣ ማለትም ከ60 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ለማነጻጸር፦ የድሮው የኢትዮ-ጅቡቲ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው፣ አዲሱ ደግሞ 1.435 ሜትር። ለምን እንዲህ ጠበበ? ጣሪያና ምሰሶ በበዛበት፣ መታጠፊያው ድንገተኛ በሆነበት ግቢ ውስጥ ሰፊ ባቡር ስለማይዞር ነው።

ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሰዎች

ታዲያ የባቡር ወዳጆቹ ምን ይሠሩ ነበር? የሎኮሞቲቩን ቁጥር ይመዘግባሉ። የተሠራበትን ዓመትና ፋብሪካ ያጣራሉ። ፎቶ ያነሳሉ፣ የሞተሩን ድምፅ በቴፕ ይቀዳሉ። የትኛው ባቡር በስንት ሰዓት የትኛውን ድልድይ እንደሚያልፍ በልምድ ያውቃሉ።

የብረት ፋብሪካ ባቡር ለነሱ ልዩ የሆነበት ምክንያት አለ። ትልልቆቹ መስመሮች ሎኮሞቲቫቸውን ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ። ፋብሪካ ግን መንገዱ አጭር፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አሮጌውን እየጠገነ ያቆያል። ባልድዊን ሎኮሞቲቭ መሥራት ያቆመው በ1956 ነው፤ አልኮ የተባለው ሌላው ስመ ጥር ኩባንያ ደግሞ በ1969። የሁለቱ ሥራዎች ከዋና መስመር ከጠፉ በኋላ አንዳንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ግን እየሠሩ ይገኙ ነበር። ለወዳጆቹ ይህ የሕይወት ያለው ሙዚየም ያህል ነው።

ግን ትዝታው የነሱ ብቻ አልነበረም። ብረት ሲቀልጥ ከማዕድኑ የሚለይ ዝቃጭ አለ፤ ስላግ ይባላል። እሱም እየነደደ በባቡር ተጭኖ ይወጣና ኮረብታ ላይ ይደፋል። ዌስት ሚፍሊን በሚባለው አካባቢ የዩኒየን ባቡሮች ማታ ማታ ስላግ ሲደፉ ሰማዩ ይቀላ ነበር። ሰዎች ቤተሰባቸውን፣ ፍቅረኛቸውን ይዘው በመኪና እየመጡ ቆመው ያዩ ነበር። በነጻ ርችት በሉት። እየተደፋ እየተደፋ ቦታው ተራራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዚያው የስላግ ተራራ ላይ ሴንቸሪ ስሪ የተባለ ግዙፍ የገበያ ማዕከል ተከፈተ። እሱም በተራው በ2019 ተዘጋ።

መብራቱ ሲጠፋ

መስከረም 19 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ሰኞ ነበር። ከፒትስበርግ ብዙም በማትርቀው በኦሃዮ ግዛት ያንግስታውን ከተማ አንድ ትልቅ የብረት ኩባንያ ካምቤል የተባለውን ፋብሪካውን በአብዛኛው እንደሚዘጋ አስታወቀ። 5,000 ገደማ ሠራተኛ ሥራ ሊያጣ ሆነ። ቀኑን እስከ ዛሬ «ጥቁር ሰኞ» ይሉታል።

ከዚያ ተራ በተራ ሄደ። ከብራዶክ ብዙም ሳይርቅ ያሉት የኬሪ ማቅለጫዎች በ1982 ተዘጉ። ዱኬን ላይ የነበረው «ዶሮቲ ሲክስ» የሚባል ማቅለጫ በ1984 ቆመ፤ ሠራተኞቹና ደጋፊዎቻቸው ለማዳን ቢታገሉም በ1988 ፈረሰ። የሆምስቴድ ፋብሪካ በ1986 ተዘጋ። ዛሬ ቦታው ሱቅና ሲኒማ ቤት ነው፤ ከፋብሪካው የቀሩ አሥራ ሁለት ረጃጅም የጡብ ጭስ ማውጫዎች ብቻ ተሰልፈው ቆመዋል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓንና ጀርመን አዳዲስ ፋብሪካ ሠሩ፤ እዚህ ግን ብዙው ምድጃ አሮጌ ነበር። በአገር ውስጥም በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡ ትንንሽ ፋብሪካዎች መጡ። እነዚህ ማዕድን አያስፈልጋቸውም፣ ኮክ አያስፈልጋቸውም፤ ስለዚህ ያ ሁሉ የባቡር ሰንሰለትም አያስፈልጋቸውም።

ፋብሪካ ሲዘጋ ባቡሩ ወዴት ይሄዳል? ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ጭነት እንዳይፈልግ የተሠራው ለዚያ ግቢ ነው። ጥቂቱ ይሸጣል፣ የቀረው በእሳት ተቆራርጦ ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። ብረት ሲያመላልስ የኖረ ሎኮሞቲቭ መጨረሻው ምድጃ ውስጥ መቅለጥ ነው።

እዚህ ላይ ነው የወዳጆቹ ሥራ ዋጋው የታየው። 58 ቁጥርን ያንግስታውን ውስጥ የብረት ቅርስ ሙዚየም ያቋቋሙ በጎ ፈቃደኞች አድነው፣ ጠግነው እንደገና በእንፋሎት እንድትሄድ አደረጓት። እዚያው በ1914 የተሠራ፣ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ለመዳመጥ ያገለግል የነበረ ግዙፍ የእንፋሎት ሞተርም ተቀምጧል። ኬሪ ላይ ደግሞ ከፈረሱት የተረፉት 6 እና 7 ቁጥር ማቅለጫዎች በ2006 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ፤ ዛሬ ሰው ገብቶ ይጎበኛቸዋል።

ፎቶው ላይ የማይታየው

ነገሩን ግን ማር ብቻ አድርገን አንተወው። በነዚህ የድሮ ፎቶዎች ላይ ጭሱ ያምራል። ያን ጭስ ይተነፍስ የነበረው ሰው ግን አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1948 እዚያው ወንዝ ዳር ባለችው ዶኖራ ከተማ ከብረትና ከዚንክ ፋብሪካ የወጣው ጭስ ከጉም ጋር ተደባልቆ ለቀናት ከተማዋ ላይ ተኛ። 20 ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። አሜሪካ ስለ አየር ብክለት ሕግ እንድታወጣ ካነሳሷት ክስተቶች አንዱ ይህ ነው።

ፎቶው ውስጥ ሌላም የማይታይ ነገር አለ፦ ማን የት ይሠራ እንደነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ለረጅም ዘመን የሚመደቡት በጣም ሞቃትና አደገኛ ወደሆነው ክፍል፣ በተለይም ወደ ኮክ ምድጃው ነበር። ወደ ተሻለ ሥራ መዛወርም እጅግ ከባድ ነበር። ይህን ለመቀየር መንግሥት፣ ትልልቆቹ የብረት ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበሩ በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ያደረጉት በ1974 ነው። አራት ዓመት ሳይሞላ ጥቁር ሰኞ መጣ። በሩ ሲከፈት ቤቱ ፈረሰ እንደማለት ነው።

የሎኮሞቲቭ ቁጥር መመዝገብ ይህን አይነግረንም። የነጂው፣ የፍሬን ሠራተኛው፣ ሐዲድ ጠጋኙ ታሪክ ካልተጨመረበት ትዝታው ግማሽ ነው። ጥሩ የሚባሉት የቅርስ ቦታዎችም ይህ ገብቷቸው የቀድሞ ሠራተኞችን ድምፅ ቀድተው ያስቀምጣሉ።

ዛሬስ?

ሁሉም አልሞተም። ኤድጋር ቶምሰን ከ1875 ጀምሮ ዛሬም ብራዶክ ላይ ብረት ያቀልጣል። ክሌርተንም ኮክ ይጋግራል፤ ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. እዚያ በደረሰ ፍንዳታ ሁለት ሠራተኞች ሞተዋል። ሥራው አደገኛ መሆኑ ያለፈ ታሪክ አይደለም ማለት ነው። ዩኒየን ሬይልሮድም ይሠራል። ባለቤቶቹ ግን ተቀይረዋል። የቤሰመር መስመር በ2004 ለካናዳው ናሽናል ተሸጠ። ዩኒየንን የያዘው ኩባንያ በ2021 ከዩኤስ ስቲል እጅ ወጥቶ ለአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት አለፈ። ዩኤስ ስቲል ራሱ ደግሞ በ2025 የጃፓኑ ኒፖን ስቲል ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ቀላል ነው። ለአንድ ፋብሪካ ወይም ለአንድ መስመር የተሠራ ከተማ ትዝታው በኩባንያው መዝገብ ብቻ ከተተወ፣ ኩባንያው ሲሸጥ ወይም ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል። ፒትስበርግ ላይ ያተረፈው ሰው ፎቶ ስላነሳ፣ ድምፅ ስለቀዳ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ከፎቶው ጀርባ ስለጻፈ ነው።

እኛም አገር ባቡር የወለዳት ከተማ አለችን። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917። ድሬዳዋ ወርክሾፕ ወይም ለገሃር የሠራ አባት፣ አያት፣ አጎት ያላችሁ ካላችሁ ስልካችሁን አውጡና ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። የትኛውን ሎኮሞቲቭ ነዳ ወይም ጠገነ? ቁጥሩ ስንት ነበር? አብረውት የሚሠሩት እነማን ነበሩ? ሲበላሽ ምን ያደርጉ ነበር? ስትጨርሱ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በፋይሉ ላይ ጻፉበት፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ከስልካችሁ ውጭ አስቀምጡ።